ከአርባ በኋላ ወደ አይቲ፦ ሰርተፍኬት ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ዘጠኝ ሰርተፍኬት አሳየኝ። ዕድሜው 48 ነው፤ ኡበር ይነዳል፤ ሁለት ልጆች ያሳድጋል። ከዘጠኙ ስምንቱን የሰበሰባቸው በአንድ ዓመት ተኩል ነው። «ወንድሜ፣ እስካሁን አንድ ሰው እንኳ ለኢንተርቪው አልጠራኝም። ምን ጎደለኝ?» አለኝ። አንድ በአንድ አየሁለት። ሰባቱ ቪዲዮ አይቶ ለጨረሰ ሁሉ የሚታደሉ ወረቀቶች ናቸው። ስምንተኛው የክላውድ፣ በኢንተርኔት የሚከራይ ኮምፒዩተር ማለት ነው፣ መግቢያ ነው። ዘጠነኛው፣ ከሁሉም ቁም ነገር ያለው፣ ጊዜው አልፎበታል።

ይህን ታሪክ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ እያለ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። ዲሲ መሃል ከተማ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሰው መኪና ሳቆም ኖሬ በ41 ዓመቴ ነው አይቲ የገባሁት። አሁን የኔትወርክ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጀማሪ ሲቀጠርም አልፎ አልፎ ኢንተርቪው ላይ እንድቀመጥ ይጠሩኛል። ጠያቂም ተጠያቂም ሆኜ አይቼዋለሁ ማለት ነው። የምጽፈው ዋሽንግተን አካባቢ ስላለው ገበያ ነው። ዳላስና ሲያትል ያላችሁ የአካባቢያችሁን እያያችሁ አንብቡት።

ከጣሪያው መጀመር

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። ጋራዡ ውስጥ መኪናውን የሚያቆም አንድ የሳይበር ሴኪዩሪቲ ኃላፊ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ሰላም ይለኛል። አንድ ቀን «ምን ብማር ነው እንዳንተ የምሆነው?» ብለው «ሲአይኤስኤስፒ» አለኝ፤ ልምድ ያላቸው የሳይበር ሴኪዩሪቲ ሰዎች የሚይዙት የላይኛው ሰርተፍኬት ነው። አልዋሸም፤ እሱ ያለው እሱን ነው። እኔ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ ጡብ የሚያህለውን መጽሐፍ ገዛሁ። አራት ወር ሙሉ ቡዝ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንዱ መኪና ወጥቶ ሌላው እስኪገባ፣ በቢጫ ቀለም እያሰመርኩ አነበብኩ። አይፒ አድራሻ፣ ኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የድርጅት ሪስክ አስተዳደርን ግን በቃሌ እወጣዋለሁ።

በአራተኛው ወር ነው መግቢያው ላይ ያለውን በደንብ ያነበብኩት። ያንን ማዕረግ ለመያዝ ከስምንቱ ዘርፎች ቢያንስ በሁለቱ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ዲግሪ ወይም ከዝርዝሩ ውስጥ ያለ ሌላ ሰርተፍኬት ካላችሁ አንድ ዓመት ይቀነስላችኋል፤ አራቱ ግን አይቀሩላችሁም። ልምድ ሳይኖር ፈተናውን ማለፍ ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚሰጣችሁ ስም «አሶሺዬት» ነው። የአምስት ዓመት ልምድ ያለው ሰው የሚፈተነውን ለምን ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ እንዳነብ ሰውየው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። መጽሐፉ የቡዙ በር እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ሁለት ሰመር አገለገለኝ።

አሁንም በየሳምንቱ ከላይ የሚጀምር ሰው ይገጥመኛል። የሥነ ምግባር ሀከር (በባለቤቱ ፈቃድ ሲስተም ሰብሮ ድክመቱን የሚያሳይ) እሆናለሁ የሚል አለ፤ ሀከሮች ትእዛዝ የሚጽፉበትን የሊኑክስ ተርሚናል ከፍቶ አያውቅም። 

የሥራ ማስታወቂያ ሳያነቡ መመዝገብ

«የቱን ልውሰድ?» ተብዬ ስጠየቅ መልሼ የምጠይቀው «የት ነው የምትኖረው? ሌሊት መሥራት ትችላለህ? ሲቲዝን ነህ?» እያልኩ ነው። ሰው ይናደድብኛል። ሐኪም ሳይመረምር መድኃኒት አይጽፍም፤ እኔም አልጽፍም።

ይህን አድርጉ። ኢንዲድ ወይም ሊንክድኢን ክፈቱ፤ ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡ፤ በየቀኑ ለመንዳት የምትችሉትን ርቀት ወስኑ። ሄልፕ ዴስክ (ኮምፒዩተር አልሠራ ያለው ሠራተኛ የሚደውልበት ክፍል)፣ ዴስክቶፕ ሰፖርት፣ ዳታ ሴንተር ቴክኒሽያን እያላችሁ ፈልጉ። 30 ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ። ወረቀት ላይ የሰርተፍኬቶቹን ስም እየጻፋችሁ በተጠራ ቁጥር አንድ ጭረት ጫሩ። ዕቁብ የሚጽፍ ሰው ይህ አይከብደውም። አንድ እሑድ ከሰዓት ይበቃል። ያ ወረቀት ከእኔም ከዩቲዩብም ምክር ይበልጣል፤ ይህን ብዙ ሰው መክሬያለሁ፣ ወረቀቱን ይዘው የመጡልኝ ግን ሦስት ናቸው። ሦስቱም ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው።

አንድ ምሳሌ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ላውደን ካውንቲ፣ አሽበርን ውስጥ በዓለም ላይ ትልቁ የዳታ ሴንተር ክምችት አለ። ደለስ ኤርፖርት መንገደኛ ስንመላለስ በአጠገባቸው ነው የምናልፈው፤ መስኮት የሌላቸው፣ መጋዘን የሚመስሉ ግዙፍ ሕንፃዎች። ውስጣቸው ሰርቨር የሚተክል፣ ኬብል የሚዘረጋ፣ የተበላሸ ዲስክ የሚቀይር ሰው ይፈልጋሉ። ማስታወቂያቸውን ስታነቡ ከሰርተፍኬቱ እኩል ሌላ ነገር ታያላችሁ፦ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ የ12 ሰዓት ሺፍት፣ ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ። አሥር ዓመት ሌሊት ታክሲ የነዳ ሰው ይህን ሲያነብ መደሰት አለበት። ወገቡን የሚያመው ደግሞ ከወዲሁ አውቆ ሌላውን ይይ።

በተቃራኒው ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህት «ክላውድ ነው የወደፊቱ» ሲባል ሰምታ የኤደብሊውኤስን፣ የአማዞንን የክላውድ ድርጅት፣ ክላውድ ፕራክቲሽነር ፈተና ወሰደች። 100 ዶላር ከፍላ፣ ስድስት ሳምንት አጥንታ፣ በጥሩ ውጤት አለፈች። ፈተናው መጥፎ አይደለም፤ ግን የተዘጋጀው ሻጩም፣ ሒሳብ ሠራተኛውም፣ አለቃውም ክላውድ ምን እንደሆነ እንዲረዱ ጭምር ነው። በስሙ የሚጠራ ሥራ የለም። ማስታወቂያ ብታነብ ኖሮ በአንድ ቀን ይገባት ነበር። (እግረ መንገዴን፦ የኤደብሊውኤስ ፈተና በእንግሊዝኛ የምትወስዱ ከሆነና እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ካልሆነ 30 ደቂቃ ጭማሪ ይፈቀዳል። ቀን ከመያዛችሁ በፊት በአካውንታችሁ መጠየቅ አለባችሁ። እሷ አልጠየቀችም፤ ብዙ ሰውም አይጠይቅም።)

ኤ ፕላስን መናቅ፣ ኤ ፕላስን ማምለክ

ኮምፕቲያ የሚባለው ድርጅት የሚሰጠው ኤ ፕላስ፣ የኮምፒዩተር ጥገናና ድጋፍ መነሻ ሰርተፍኬት፣ ሁለት ፈተና ነው። እያንዳንዱ እስከ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፤ የሁለቱ ክፍያ ተደምሮ ከ500 ዶላር በላይ ይወጣል። ከእኛ ሰው ግማሹ «የልጆች ነገር ነው» ብሎ ይዘለዋል፤ ግማሹ ደግሞ እሱ ከሌለ ማንም አይቀጥረኝም ይላል።

የኔ ሐሳብ ይኸው። ኮምፒዩተር ከፍታችሁ ሚሞሪ ነቅላችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ፕሪንተር ሲበላሽ ልጅ የምትጠሩ ከሆነ፣ ኤ ፕላስን አጥኑ፤ ፈተናውንም ውሰዱ። አገር ቤት ምህንድስና ተምራችሁ የመጣችሁ፣ ወይም የሰፈሩን ላፕቶፕ ሁሉ የምትጠግኑት እናንተ ከሆናችሁ ግን 500 ዶላሩን አስቀምጡና ወደ ኮምፕቲያው ኔትወርክ ፕላስ ወይም የኔትወርክ ዕቃ ወደሚሠራው ሲስኮ ሲሲኤንኤ ሂዱ። ሲሲኤንኤ 300 ዶላር ነው፣ ከኔትወርክ ፕላስ ይከብዳል፤ ኔትወርክ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ግን ድካሙን ይክሳል ባይ ነኝ።

«የኮምፕቲያን ሦስቱንም፣ ኤ ፕላስ፣ ኔትወርክ ፕላስ፣ የደኅንነቱን ሴኪዩሪቲ ፕላስ፣ ጨርሼ ነው የማመለክተው» የሚለውን ግን ተዉት። የመጀመሪያውን ባለፋችሁ ማግስት ማመልከት ጀምሩ። ሁለተኛውን ቀጣሪው ሊከፍልላችሁ ይችላል። እኔ ሁለተኛውን የወሰድኩት በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ፣ በሥራ ሰዓት ነው።

ሴኪዩሪቲ ፕላስና ክሊራንስን ማምታታት

ዋሽንግተን አካባቢ ሴኪዩሪቲ ፕላስ እንዲህ የተወደደው ያለ ነገር አይደለም። ፔንታጎን በኔትወርኮቹ ላይ የሚሠራ ሰው፣ የኮንትራክተር ቅጥረኛም ቢሆን፣ ለሥራ ድርሻው የተቀመጠውን ብቃት እንዲያሟላ ያዛል። ደንቡ ለዓመታት 8570 ይባል ነበር፤ አሁን 8140 ሆኗል። ሴኪዩሪቲ ፕላስ ብዙ ድርሻዎች ላይ ከሚያገለግሉት አንዱ ስለሆነ ማስታወቂያው ሁሉ ይጠራዋል። ሰው እስከዚህ ያነብና ይሮጣል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር አለ፦ «አክቲቭ ሲክሬት ክሊራንስ ያለው።» ክሊራንስ የመንግሥትን ምሥጢር ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ ነው።

ክሊራንስ ኮርስ አይደለም። ከፍላችሁ አትገዙትም፤ ራሳችሁም ማመልከት አትችሉም። ለቦታው የፈለጋችሁ ቀጣሪ ነው የሚያስጀምርላችሁ። በመርሕ ደረጃም የአሜሪካ ዜጋ መሆን ይጠይቃል። ግሪን ካርድ የያዘ አንድ ወንድም ሴኪዩሪቲ ፕላሱን ይዞ ሁለት ዓመት ያህል ክሊራንስ የሚጠይቅ ሥራ ብቻ ሲያመለክት ኖረ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። ያን ሁሉ ጊዜ ሆስፒታሉ፣ የካውንቲው ትምህርት ቤት፣ ሆቴሉ፣ የትንንሽ ድርጅቶችን ኮምፒዩተር በኮንትራት የሚይዙት ቢሮዎች በሩ ላይ ነበሩ።

ዜጋ ሆናችሁ ዕድሉን ካገኛችሁ ደግሞ ኤስኤፍ 86 የሚባለውን ቅጽ ትሞላላችሁ። የአሥር ዓመት አድራሻና የአሥር ዓመት ሥራ ይጠይቃል፤ ሦስት ወር የተዳበላችሁበት ቤዝመንት ሳይቀር አስታውሱ። ውጭ አገር ያሉ የቅርብ ሰዎቻችሁን፣ የላካችሁትን ገንዘብ፣ ጉዞአችሁን፣ ያላቀረባችሁት ታክስ ካለም ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ለእናቴ ብር እልካለሁ ካልኩ ይጥሉኛል» ብሎ ይደብቃል። ለእናት ብር መላክ ነውር አይደለም፤ ጣጣው መደበቁ ላይ ነው። ቡትካምፕ ከሚባለው አጭር ሥልጠና በፊት የታክስ ወረቀታችሁን አስተካክሉ።

«በሦስት ወር መቶ ሺህ ዶላር»

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ባደርግ ታገሡኝ።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን አይታችሁታል። አስተማሪው ጥሩ ሱፍ ለብሷል፤ ከኋላው መኪና ቆሟል። «የኮምፒዩተር ዕውቀት አያስፈልግም። ሦስት ወር ብቻ። ሥራ እኛ እናስገባለን።» ትምህርቱ አንዴ የሶፍትዌር ሙከራ ነው፣ አንዴ ስክረም ማስተር፣ አንዴ ዴቭኦፕስ፤ እንደ ፋሽን ይለዋወጣል። ክፍያው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሰው ከዕቁቡ አውጥቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ ይከፍላል። ትምህርቱ ሁልጊዜ ከንቱ ነው አልልም፤ አንዳንዱ በደንብ ያስተምራል። ጉዱ የሚመጣው በስምንተኛው ሳምንት ነው፤ «ሬዙሜ እንሥራላችሁ» ሲባል።

ሬዙሜው ተሠርቶ ይመጣል። እግራችሁ ረግጦት የማያውቅ ኩባንያ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርታችኋል። አለቃችሁ ተብሎ የተጻፈው ስልክ የአስተማሪው የወንድም ስልክ ነው። ለኢንተርቪው ጆሮአችሁ ውስጥ የሚነግራችሁ ሰው ይመደባል፤ ባስ ሲል በእናንተ ስም ሌላ ሰው ይቀርባል። «ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው» ስትሉ «ኧረ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው፤ ሞኝ አትሁኑ» ትባላላችሁ።

አንድ ጊዜ እኔ ጠያቂ ሆኜ በቪዲዮ አንድ ልጅ ቀረበ። ስሙን ሳይ ደስ አለኝ፤ የእኛ ነው። ሬዙሜው ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ የፋይናንስ ድርጅት ሠርቷል ይላል። ከባድ ነገር አልጠየቅሁትም፤ ልረዳው ነው የፈለግሁት። «ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ ምን ታያለህ?» አልኩት። እውነት የሠራ ሰው ይህን ሲጠየቅ ይስቃል፤ ቡና ይላል፣ ቲኬት (ሠራተኛ ያስመዘገበው ችግር) ይላል፣ ሌሊት ስለተበላሸው ነገር ይናገራል። እሱ ዝም አለ። ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ። ከዚያ በአማርኛ ሹክሹክታ ሰማሁ፦ «ሞኒተሪንግ በል፣ ሞኒተሪንግ።» አብረውኝ የተቀመጡት ሁለት ባልደረቦቼ የመስመር ጫጫታ መስሏቸው «ድምፅህ ይቆራረጣል» አሉት። እኔ ግን የእናቴን ቋንቋ ነው የሰማሁት።

ያን ቀን ምን ልበል? ልጁ ምናልባት 35 ዓመቱ ነው፤ ልጆች ይኖሩታል፤ የከፈለው ገንዘብ ያንገበግበዋል። አሳዘነኝ። ግን እውነቱን ተናገርኩ፤ አልተቀጠረም። ከዚያ ወዲህ የእኛ ስም ያለበት ሬዙሜ በመጣ ቁጥር አንዱ ባልደረባዬ ጥያቄውን ሲያከብድ አያለሁ። እሱን ክፉ ነው አልለውም። ቀጥሎ የመጣው፣ ሦስት ዓመት ማታ ማታ ተምሮ፣ አንዲት ቃል ሳይዋሽ የቀረበው ወገናችን ግን የሌላውን ዕዳ ከፈለ።

በውሸት የገባ ሰውም አይተኛም። ባለቤቱን ሳይቀር ዋሽቶ፣ ሥራውን አገር ቤት ላለ ልጅ በወር እየከፈለ የሚያሠራ ሰው አውቃለሁ። የመሥሪያ ቤቱን የይለፍ ቃል አዲስ አበባ ልኳል ማለት ነው። የተያዘ ቀን ከሥራ መባረር ብቻ አይመስለኝም የሚጠብቀው። ያንኑ የውሸት ታሪክ የመንግሥት ቅጽ ላይ መጻፍ ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል።

እና ቡትካምፕ ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ሬዙሜዬ ላይ ምን ትጽፋላችሁ?» መልሱ ውስጥ «እኛ እናውቅበታለን» የሚል ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። በነፃ፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ሥራ ውለው ደክመው መጥተው የሚያስተምሩ ወገኖችም አሉ። ሱፍ አይለብሱም።

ዳምፕ ማጥናት

የፈተናውን ጥያቄ ከነመልሱ ሸምድዶ መግባት ማለት ነው። ኮምፕቲያም ሲስኮም ከደረሱበት ሰርተፍኬቱን ይሰርዛሉ፤ ዳግም እንዳትፈተኑም ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ከዚያ የሚብሰው ግን ማለፉ ነው። ሴኪዩሪቲ ፕላስን እንዲህ ያለፈ አንድ ሰው ኢንተርቪው ላይ «የኮምፒዩተሩ አይፒ አድራሻ በ169.254 ከጀመረ ምን ሆኗል?» ተብሎ ተጠየቀ። ኮምፒዩተሩ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ሰርቨር አጥቶ ለራሱ አድራሻ እንደሰጠ ሄልፕ ዴስክ ሁለት ሳምንት የሠራ ልጅ ያውቀዋል። እሱ «ቫይረስ ነው» አለ።

ዳምፕ የሚያጠፋባችሁን ጊዜ ቤት ውስጥ ሥሩበት። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር በርካሽ ይገኛል። በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር የሚያስኬደው ቨርቹዋልቦክስ ነፃ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨርን ማይክሮሶፍት ለ180 ቀን ለሙከራ በነፃ ይሰጣል። የድርጅት ተጠቃሚዎች የሚመዘገቡበትን አክቲቭ ዳይሬክቶሪ ትከሉ፤ የቤተሰባችሁን አባላት በሙሉ ተጠቃሚ አድርጋችሁ መዝግቡ፤ የአማታችሁን አካውንት ቆልፋችሁ ፍቱት። ሄልፕ ዴስክ ስትቀጠሩ ከምትሠሩት ሥራ ትልቁን ድርሻ ያኔ ሠርታችሁታል።

ያለፈውን ሕይወት መጣል

ይህን የማየው በተለይ በትልልቅ ሰዎች ነው። አገር ቤት 12 ዓመት ባንክ የሠራ ሰው ሬዙሜውን ከሰርተፍኬቱ ይጀምራል፤ ባንኩን ያፍርበታል። «ያ እኮ አገር ቤት ነው» ይላል። ታዲያ ሒሳብ ክፍል ያለ ሠራተኛ ሲስተሙ አልሠራ ብሎት ሲያለቅስ ችግሩ ምን እንደሆነ ከእሱ በላይ ማን ይገባዋል? ፋርማሲ ቴክኒሽያን የነበረች አንዲት እህት ኤ ፕላስ ብቻ ይዛ ሆስፒታል ሄልፕ ዴስክ ገባች፤ ሁለት ሰርተፍኬት የነበረው ወጣት ቀረ። የነርሶቹን ቋንቋ ታውቃለች፤ መድኃኒት የሚቆጥረው ማሽን ሲቆም ለምን እንደሚጮኹ ይገባታል። እኔም መጀመሪያ የተቀጠርኩት «የተቆጣ ሰው ስታስተናግድ ኖረሃል?» ተብዬ ነው። ዘጠኝ ዓመት፣ መኪናቸው የተጫረባቸውን ሰዎች!

ስለ ደመወዝም አንድ ነገር። ሄልፕ ዴስክ ጀማሪ ከትራክ ሾፌር ያነሰ ሊያገኝ ይችላል። ቀድማችሁ ከቤት ሰው ጋር ተነጋገሩበት። ይህን ሳትነጋገሩ ሥራ የለቀቃችሁ ቀን የሚመጣውን ጭቅጭቅ ለማንም አልመኝም።

የድሮ መጽሐፍ መግዛት

ፈተናዎቹ የእትም ቁጥር አላቸው። ሴኪዩሪቲ ፕላስ 601 በጁላይ 2024 ተሰናብቷል፤ አሁን ያለው 701 ነው። የኤ ፕላስ 1101 እና 1102 በሴፕቴምበር 2025 አብቅቶላቸው በ1201 እና 1202 ተተክተዋል። ሁለቱን የኤ ፕላስ ፈተናዎች አንዱን ከድሮው አንዱን ከአዲሱ አቀላቅሎ መውሰድ አይቻልም። ወንድማችሁ ያወረሳችሁን መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዩት።

ሦስት ዓመቱን መርሳት

የኮምፕቲያ ሰርተፍኬቶች ለሦስት ዓመት ነው። ለሴኪዩሪቲ ፕላስ በሦስት ዓመት 50 የተከታታይ ትምህርት ነጥብ መሰብሰብና ዓመታዊ ክፍያ መክፈል፣ ወይም ከፍ ያለ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ከፍ ያለውን ስታልፉ የታችኛው አብሮ ይታደሳል። ለዚህ ነው ሥራ ሳትፈልጉ ሰርተፍኬት መሰብሰብ ኪሳራ የሚሆነው፤ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ካለፋችሁበት ቀን ነው። የዚያ ባለ ዘጠኝ ወረቀት ሰው ዘጠነኛው እንዲህ ነው የሞተው።

ሁሉንም ከኪስ መክፈል

የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሆናችሁ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ በኩል ፋስትፎርዋርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የትምህርቱን ክፍያ ሲሶ ትከፍላላችሁ፣ ከጨረሳችሁ የቀረው ይሸፈንላችኋል። አቋርጣችሁ ብትወጡ ግን ሌላ ሲሶ ይጨመርባችኋል። ሥራ ያጣ ወይም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው በአካባቢው ባለው የሥራ ማዕከል፣ አሜሪካን ጆብ ሴንተር በሚባለው፣ የሥልጠና ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። ወረፋውና ወረቀቱ ያሰለቻል። መንጃ ፈቃድ ቢሮ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ግን ይችለዋል።

ቤት ውስጥ መፈተን

ልጆች ካሉ አትሞክሩት። ኦንላይን ፈተና ላይ ካሜራው እናንተን ብቻ ነው ማየት ያለበት፤ ሰው ከገባ ፈታኙ ፈተናውን ሊያቋርጠው ይችላል። አንድ ወዳጄ 60ኛው ጥያቄ ላይ ሳለ እናቱ፣ ልጄ ደከመው ብለው፣ በረከቦት ቡና ይዘው ገቡ። «በስመ አብ፣ ምን ሆነህ ነው የማታወራኝ?» ሲሉ ስክሪኑ ጠፋ። እናት ምን ያድርጉ። ፈተና ጣቢያ ሂዱ።

እዚያም ስትገቡ ከባዶቹ የተግባር ጥያቄዎች ከፊት ይመጣሉ። ምልክት አድርጋችሁ እለፏቸውና በመጨረሻ ተመለሱባቸው። እኔ ሴኪዩሪቲ ፕላስ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ 25 ደቂቃ ታግዬው 731 አምጥቼ ወደቅሁ፤ ማለፊያው 750 ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ለመፈተን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ክፍያውን ግን እንደገና ትከፍላላችሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ግን 14 ቀን ትጠብቃላችሁ።

ስም

ስትመዘገቡ የምትጽፉት ስም መታወቂያችሁ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ይህ ለአሜሪካኖቹ ቀላል ነው። ለእኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም አለ፤ መንጃ ፈቃዱ ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ተቀምጧል፤ ፌስቡክና ኢሜል ላይ ግን በአባታችን ነው የምንጠራው። «ኃይለ» የሚለው አንዱ ቦታ ተነጥሎ፣ ሌላው ቦታ ተጣብቆ ተጽፏል። አንድ የሥራ ጓደኛዬ ሰባት ወር አጥንቶ፣ የዕለቱን ሺፍት ለሰው ሰጥቶ፣ በጠዋት ፈተና ጣቢያ ደረሰ። የተመዘገበው በአባቱ ስም ነው፤ መንጃ ፈቃዱ በአያቱ። ተቀባይዋ ሁለት ጊዜ አየችውና መታወቂያውን መለሰችለት። የከፈለው ከ400 ዶላር በላይ እዚያው ቀረ። ከመኪናው ሆኖ ደውሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «አሁን አያቴ በዚህ ውስጥ ምን አገባቸው?»